ከመብረር በፊት ይነሳ

ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጠዋት ጠዋት የሚያስልህ ጉንፋንስ ለቀቀህ ወይ? የዚያች የተከራየሃት ክፍል መስኮት እንደማይገጥም አይቻለሁና ቢያንስ ጋዜጣ አጣጥፈህ ወትፍበት። እኔ ከጉልበቴና ካንተ ዝምታ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴን ለምጄዋለሁ።

እሁድ ከወጣህ ወዲህ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የአንድ ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ላይ ላለ ልጅ ደብዳቤ መጻፍ ምን ይሉታል ትል ይሆናል። ግን ታውቀኛለህ። ፊት ለፊትም ሆነ በስልክ ስናገር ከአፌ የሚወጣው ሁልጊዜ በላህ ወይ የሚለው ብቻ ነው። እጄ ከአፌ ይሻላል። ስለዚህ ታገሠኝ። ከየት እንደምጀምር አላውቅምና ነገሩን ባዘበራርቀውም አትቆጣኝ።

እሁድ ዝም ማለቴን በክፉ ተረጎምከው። ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመህ፣ እማዬ ሥራዬን ለቅቄአለሁ ስትለኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባሕር ማዶ ልትሄድ እንደሆነ፣ ከሚሲዮን ሰዎች ጋር ትንሽ አውሮፕላን እንደምታበር፣ መንገድ በሌለባቸው ደሴቶች በሣር ሜዳ ላይ እያረፍክ መድኃኒት፣ ነርስ፣ ሰባኪ፣ ምጥ የያዛት ሴት ሳይቀር እንደምታመላልስ ነገርከኝ። ስትናገር ፊትህ በርቶ ነበር። እኔ አንዱን ሽንኩርት ጨርሼ ሁለተኛውን አነሳሁ። አንተም ጥቂት ጠበቅህና፣ እሺ እማዬ፣ ገባኝ ብለህ ጃኬትህን አንጠልጥለህ ወጣህ።

ምን ነበር የገባህ? ለራሴ ያልገባኝ ነገር ላንተ እንዴት ገባህ?

አትሂድ ማለቴ አልነበረም። ሂድ ማለቴም አልነበረም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ወደ ማታ ብቻዬን ሆኜ ሂድ እላለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ያ ሂድ የሚለው ጠፍቶ በምትኩ ሌላ ነገር ተቀምጦ አገኛለሁ።

በማግስቱ፣ ሰኞ ማለት ነው፣ የበረራ ትምህርት ቤታችሁ ዋና ካፒቴን እቤት ድረስ መጡ። ጫማቸውን ደጃፌ ላይ ሲጠርጉ በመስኮት ሳያቸው ነጠላዬን ሳልደርብ ሮጬ ወጣሁ። እኚህን ሰው እዚያችው ቦታ ላይ ቆመው ያየኋቸው ከሃያ አራት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ወጣት አስተማሪ ነበሩ፤ የመጡትም የአባትህን ሞት ሊያረዱኝ ነበር። ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ ኧረ እትዬ፣ ልጁ ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም እያሉ ተጣደፉ።

ተቀምጠው ውኃ ከጠጡ በኋላ ነው የመጡበትን የነገሩኝ። እንዲህ ያለ አስተማሪ ከየት አመጣለሁ፣ በሚመጣው ዓመት ቦታዬን የምለቅለት ለእሱ ነበር፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢሉት ይቀራል አሉኝ። አሙህም። ተማሪዎቹ እሱን ከመፍራታቸው የተነሳ አውሮፕላኗን ዞረው ሲፈትሹ ላም ሊገዙ የመጡ ነው የሚመስሉት፣ ጥርሷን ማየት ብቻ ነው የቀራቸው አሉና ሁለታችንም ሳቅን። በስምህ የሚጠራህ እንደሌለ፣ ሁሉም ካፒቴን ዳስሰው እንደሚልህም ነገሩኝ።

ይህን አውቅ ነበር። የቅጽል ስምህን አመጣጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አልነገርኩህም እንጂ።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ምሳህን ይዤልህ የመጣሁ ቀን፣ ከአንድ ቁመተ ረጅም ተማሪ ጋር ክንፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ አገኘኋችሁ። ተማሪው አውሮፕላኗን ዞሮ ፈትሾ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ መነሳት እንችላለን አለህ። አንተም እጁን ያዝህና ከክንፉ ሥር ወዳለችው የጣት ያህል ቱቦ ወሰድከው። ሽፋኗ አልወለቀም ነበር። አንተ ራስህ ለምልክት የሚንጠለጠለውን ቀይ ጨርቅ ከሽፋኑ ላይ ፈትተህ ደብቀህ ኖሮ፣ ልጁ አላያትም። ዓይንህ ቀይ ፈለገ፣ ቀይ ከሌለስ? በዓይንህ አትመን፣ ዳስሰው አልከው። ልጁም አፍሮ፣ ካፒቴን፣ ግን ጨርቁን ማን ወሰደው ብሎ ጠየቀህ። ነፋስ ወሰደው አልክ። ከዚያ፣ በል አሁን ቤትህ ግባ፣ ስትተኛም አልጋህን ዳስሰህ ተኛ፣ ነገ ትመጣለህ ብለህ አባረርከው።

የምሳ ዕቃው ከእጄ የወደቀው ያኔ ነው። ሮጠህ መጥተህ ምን ሆንሽ ስትለኝ፣ ፀሐዩ ነው አልኩህ። ፀሐይ አልነበረም ልጄ። ደመና ነበር።

እስካሁን ያነበብከውን ዘበራርቄ ጻፍኩት መሰለኝ። ሌላ ወረቀት ልጀምር።

እሁድ ጃኬትህን ስታነሳ ከኪስህ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ያገኘሁት ከሄድክ በኋላ፣ ወለሉን ስጠርግ ነው። እኔ ጽሑፍ ካየሁ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን ሳላነብ ማለፍ እንደማልችል ታውቃለህ። ለሚሲዮን ሰዎቹ የሞላኸው ማመልከቻ ቅጂ ነበር። ይህን አገልግሎት ለምን መረጡ ለሚለው ጥያቄ የሰጠኸውን መልስ እንደ ልማዴ በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል።

«አባቴ የበረራ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ማየት የነበረበትን ሳያይ ተነስቶ፣ ራሱንና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪውን ይዞ ወደቀ። የዚያ ልጅ እናት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። አባቴ በቸልተኝነቱ ስላጠፋት ነፍስ፣ እኔ የቀረኝን ዕድሜ ነፍስ ለማዳን ማዋል እፈልጋለሁ።»

ልጄ፣ ይህ ጽሑፍ ስህተት አለበት። የፊደል ስህተት አይደለም፤ የእጅ ጽሑፍህማ እንደ ልጅነትህ ያምራል።

አባትህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርት ቤቱ ጆንያ ተሸክሞ ይመጣ እንደነበር ታስታውሳለህ? ስድስት ዓመትህ ነበርና ታስታውስ ይሆናል፤ ባዶውን ጆንያ ለብሰህ ታስፈራራኝ ነበር። በውስጡ የተቀደደ የመቀመጫ ልብስና የአውሮፕላን ሸራ ይኖራል። የምጠግነው እኔ ነበርኩ። ሙያዬ ይወራልኝ ነበር። አባትህ ለሰው ሁሉ፣ የሚስቴን ስፌት ማንም አይፈትሸውም፣ ከፋብሪካ የወጣ ነው ይል ነበር።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደል ለእኔ እንደ ጥልፍ ነበር፤ ቀጥ ያለና የተጣመመ፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የማይነግረኝ። አባትህ ሊያስተምረኝ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ እየሳቅኩ አስጥዬዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከመጡት ዕቃዎች መካከል አንዲት ትንሽ የሸራ ሽፋን ነበረች፤ የዚያች የቱቦዋ ልብስ። ቱቦዋ ነፋስ እየገባባት የአውሮፕላኑን ፍጥነት እንደምትለካ፣ ስትቆም አቧራና ተርብ እንዳይገባባት ሽፋን እንደምትለብስ፣ ቀዩ ጨርቅም አብራሪው አይቶት ሽፋኑን እንዲያወልቅ የሚንጠለጠል መሆኑን ለአንተ መንገሬ ያስቃል። የምነግርህ ያኔ ከዚህ አንዱንም አለማወቄን ልብ እንድትል ነው። እኔ ያየሁት አንድ አርጅቶ የተቀደደ ሽፋን ነው፤ ከሱ ላይም ዘይት የጠጣ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ክሩ የተንጨባረረ ቀይ እራፊ ተንጠልጥሏል። ላዩ ላይ ነጭ ነገር ተጽፎበታል፤ ግማሹ ጠፍቷል።

አዲስ ግራጫ ሸራ ቆረጥኩና ልክክ የምትል ሽፋን ሰፋሁላት። ቀዩን እራፊ ከአሮጌው ላይ በምላጭ ፈትቼ በአዲሷ ላይ ልሰፋው ያዝኩትና አየሁት። ይህን የመሰለ ቆሻሻ በእኔ ስፌት ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ሊያይ ነው ብዬ ወደ ብጥስጣሹ ቅርጫት ወረወርኩት። ጠርዟን ወደ ውስጥ አጥፌ ዘጋኋት። ወደ ብርሃን ይዤ አገላብጬ አየኋት። ቀለሟ ከአውሮፕላኗ ሆድ ጋር አንድ ነበር፤ ቱቦዋ ብትለብሳት ሽፋን ያለ አይመስልም። ደስ አለኝ። እግዜር ያውቃል፣ ደስ ነው ያለኝ።

ሌላ ቀይ ጨርቅ ገዝቼ በኋላ እሰፋለሁ ብዬ አስቤ ነበር ወይስ አላሰብኩም? ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄዋለሁ። አስቤ ነበር ብዬ የምምልባቸው ቀኖች አሉ። ወዲያው ደግሞ፣ አይ አንቺ፣ አሁን የፈጠርሽው ነው እላለሁ። አላውቅም።

ሰኞ አባትህ ጆንያውን እንደታሰረ ወስዶ ለመካኒኩ ለጋሽ ግራሶ ሰጠው። ስሙን ያወጡለት እጁ ከግራሶ፣ ከማሽን ቅባት ማለት ነው፣ ጠርቶ አያውቅም ብለው ነው። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ዝናብ መጣና ጋሽ ግራሶ አውሮፕላኖቹን እየተጣደፈ አለበሳቸው። ማክሰኞ ጠዋት አባትህና ያ ተማሪ ተነሱ። ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር። ቱቦዋ ሽፋኗን እንደለበሰች ስለነበር ፍጥነታቸውን የሚነግራቸው ነገር አልነበረም። ሊመለሱ ሲዞሩ የአውሮፕላኗ ፍጥነት አንሶ ከሜዳው ማዶ ወደቀች።

ዛሬም ማክሰኞ ነው። የቀረውን ነገ እጽፋለሁ።

ረቡዕ ነው። ልቀደው ነበር፤ አልቀደድኩትም።

በሦስተኛው የሐዘን ቀን ጋሽ ግራሶ መጣ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። አንተ ጎረቤት ቤት ነበርክ። ከሰዉ ጋር አልተቀመጠም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ስፌት መኪናዬ ሄደና ቅርጫቱ ውስጥ እጁን ሰደደ። ያን ቀይ እራፊ አወጣው። ጥቂት ካየው በኋላ አጣጥፎ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠና ጣቶቼን በሱ ላይ ዘጋቸው። እትዬ፣ ይቺን ማንም አይያት፣ ልጅ አለዎት አለኝ በጆሮዬ።

ምንድን ነው ጽሑፉ የሚለው ብዬ ጠየቅኩት።

ማንበብ አለመቻሌን ያወቀው ያኔ ይመስለኛል። ዓይኑ እንባ ሞላ። ምንም አይደለም እትዬ፣ የፋብሪካው ስም ነው አለኝ።

መርማሪዎቹ ሲጠይቁት፣ ጨርቁን ነፋስ ከወሰደው ሰንብቷል፣ አይቼ ዝም አልኩ ብሎ ቃሉን ሰጠ። ከሥራው ተባረረ። አባትህም በወረቀቱ ላይ፣ አብራሪው ሽፋኑን በእጁ ማረጋገጥ ነበረበት ተብሎ ተጻፈበት። ስለ ስፌት የጠየቀ የለም። ስፌት ያለበት ነገር መሆኑን ማን ልብ ይላል?

እኔ ግን የፋብሪካ ስም ለምን ይደበቃል እያልኩ እብሰለሰል ጀመር። ሰው ልጠይቅ እፈራለሁ፤ አሳየዋለሁ ብዬ አወጣዋለሁ፣ መልሼ እደብቀዋለሁ። አንተ በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ገባህ። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ፊደል ስትቆጥር፣ ደብተርህን ልይልህ እያልኩ ከኋላህ እቀመጥ ነበር። አንተ ጮክ ብለህ ስታነብ እኔ በሆዴ አነብ ነበር። ተሳስተህ አስተማሪ ሲያርምህ እኔም አብሬ እታረም ነበር። አንዴ፣ እማዬ አንቺ እኮ ደብተሩን ገልብጠሽ ነው የያዝሽው ብለህ እስኪያምህ ሳቅህ፤ እኔም አብሬህ ሳቅሁ።

መጀመሪያ ማንበብ የቻልኩት «በፊት» የሚለውን ነው። እሱን ባነበብኩ በሳምንቱ «ይነሳ»ን አገኘሁት። የመጀመሪያው ቃል ፊደሎቹ በዘይት ተበልተው ስለነበር አንድ ወር ፈጀብኝ። አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ። እኩለ ቀን ላይ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ጨርቁን ብርሃኑ ላይ ወጥሬ፣ ሦስቱን ቃል አንድ ላይ አነበብኳቸው።

ያን ቀን ምሳ አልሠራሁልህም። ስትመጣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘኸኝና ዳቦ በሻይ በላህ።

ስትመረቅ መድረክ ላይ ወጥተህ፣ እናቴ ከትምህርት ፍቅር የተነሳ ራሷን በራሷ ማንበብ ያስተማረች ሴት ናት ስትል ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላችሁ። ለማንበብ ያነሳሳኝ የትምህርት ፍቅር አልነበረም። አሁን ግን መጽሐፍ እወዳለሁ፤ ይህም እውነት ነው፤ ሁለቱን ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም ትለኛለህ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ይወስዱኝና ልጄ ብቻውን ይቀራል አልኩ። ቀጥሎ ትንሽ ነህ አልኩ። ቀጥሎ ፈተና አለበት አልኩ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውኩት። ዝምታው እንደ ቤት ዕቃ ሆነ፤ በዙሪያው እየዞርኩ አለፍኩ፤ አቧራውን እየጠረግሁ ኖርኩ። አብራሪ ልሆን ነው ስትለኝ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው፣ በላህ ወይ የሚለው ነው።

ጋሽ ግራሶ ገበያው መግቢያ ላይ ብስክሌት ይጠግናል። አሥራ አራት ዓመትህ ሳለ የብስክሌትህ ጎማ ተንፍሶ ሱቁ ፊት ቆመህ፣ አባቴን ነፋስ ነው የገደለው ያልከው አንተ ነህ ብለህ እንደጮህክበት ራስህ እየፎከርክ ነግረኸኛል። አዎ፣ እኔ ነኝ አለህ። ጎማህን ነፍቶ ሰጠህ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ሰጥተኸው አታውቅም። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልከሰሰህም። እኔ በየወሩ የሸሚዙን ክርን እጠግንለታለሁ፤ ከዚያ ያለፈ የተባባልነው የለም። መባባል አላስፈለገንም ይሆናል። ወይም ሁለታችንም ፈርተናል።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ፣ ሸሚዙን ስመልስለት ሳልጠይቀው ተናገረ። አባትህን የመሰለ አብራሪ ያለ መለኪያም ያሳርፋት ነበር፣ ያ ልጅ ደንግጦ መሪውን አልለቅ ብሎ ይሆናል፣ ደመናውም ነበር፣ እኔም በዝናቡ ቀይ አለማየቴን አውቄ ነገ አስርበታለሁ ብያለሁ አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። ታዲያ ከዚያ ወዲህ የባሰ ግራ ገባኝ። ጥፋቱን ለአራት ሲያካፍለው የእኔ ድርሻ የቱ ጋ እንዳለ ጠፋኝ። አባትህ ለምን አልዳሰሰም? ለሰው ሁሉ ዳስሱ ይል አልነበረም? የሚስቴን ስፌት ማንም አይፈትሸውም ያለው ራሱ ነው። ይህን አስብና አቆማለሁ። ከዚህ አልፌ ማሰብ አልችልም።

የሚገርምህ ሌላ ነገር አለ። ካፒቴኑ ሰኞ ዕለት ሲናገሩ፣ አንተ ካስተማርካቸው ውስጥ አንድም ሰው አደጋ ደርሶበት አያውቅም አሉኝ። ሁሉም እየዳሰሰ ነው የሚነሳው። ያን ጨርቅ ባልጥለው ኖሮ አንተ ካፒቴን ዳስሰው ባልሆንክ፤ እነዚያ ልጆችም ማን ያውቃል። ታዲያ ጥፋቴን ልመርቀው ነው? እግዚአብሔር ሰውን በምላጭ ይጠራል ወይ? ወደዚያ ባሕር ማዶ የሚጠራህ እሱ ነው ወይስ የእኔ ቅርጫት? እጸልያለሁ፤ መልስ አይመጣም፤ ወይም ይመጣና የሰማሁት የራሴን ድምፅ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንድትቀር ብዬ እንዳይመስልህ። እውነቱን ልንገርህ፤ አራተኛውን ደብዳቤ የቀደድኩት እንድትቀር የጻፍኩት ስለነበረ ነው። ያምር ነበር። ጉልበቴን፣ ብቸኝነቴን፣ የጣሪያውን ማፍሰስ፣ አንድ አልቀረኝም። ግን ሳነበው የዚያች የግራጫ ሽፋን ስፌት ትዝ አለኝ፤ የሚያስፈልገውን ደብቄ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ ነበር።

ስለዚህ የምለምንህ እነሆ። ማመልከቻህ ላይ ያለውን የአባትህን ነገር ሰርዘው። በቸልተኝነቱ የሚለውን። ለሚሲዮን ሰዎቹ በምትኩ ምን ብለህ እንደምትጽፍ አላውቅም። ሌላ ምክንያት ካለህ፣ ያ ፊትህን ያበራው ነገር ምክንያትህ ከሆነ፣ እሱን ጻፍና ሂድ። ሌላ ምክንያት ካጣህ ደግሞ፣ ተቀምጠህ አስብበት። የማንንም ጥፋት ተሸክመህ እንዳትነሳ። አውሮፕላን የምትሸከመው ክብደት ልክ አለው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ደግሞም ብትሄድም ብትቀርም ጋሽ ግራሶን ሳታየው እንዳታድር። ምንም አትበለው። ሱቁ ፊት ቁም፣ ጎማህን አስነፋ፣ እሱ ይገባዋል።

የዚያ ተማሪ እናት ጋ ነገ ሐሙስ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ። ምን እንደምላት አላውቅም። ፊቷን ከማን ማዞር እንዳለባት ልነግራት ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እሷ ትወቀው። ይህን ደብዳቤ መንገዴን ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ፤ ስለዚህ አንተ ስታነበው እኔ ከእሷ ቤት ወጥቻለሁ፤ ወደ ኋላ መመለስ አልችልም። እንዲህ አድርጌ ያቀድኩት ራሴን ስለማውቅ ነው።

ልትቆጣ ትችላለህ። ልትመጣ ትችላለህ፣ ላትመጣም ትችላለህ። በሁለቱም በሩን አልቆልፈውም። ሰማዩ ይጥራልህ። የምታርፍበት መሬት ይቀበልህ። የምታመላልሳቸው እናቶች በሰላም ይውረዱ፣ በሰላም ይውለዱ። እግዚአብሔር ከእኔ እጅ ያልተማርከውን ጥንቃቄ ይጨምርልህ።

በፖስታው ውስጥ ሁለት ቀይ ጨርቅ ታገኛለህ። አንደኛው አዲስ ነው። የሰፋሁት እሁድ ማታ ነው፤ ከመሄድና ከመቅረት የቱን እንደምፈልግልህ ሳላውቅ። ሦስቱን ቃል በነጭ ክር የጠለፍኳቸው እኔ ነኝ፤ «ረ» ትንሽ ተጣሞብኛል፤ ይቅር በለኝ። ድርብ ስፌት ነው። በየትኛውም አገር ሰማይ ሥር ከምትበርባት ላይ አንጠልጥለው።

ሁለተኛው አሮጌው ነው። ነፋስ የቀደደው ጨርቅ ጫፉ እንዴት እንደሚሆን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የዚህን ጫፍ በጣትህ ተከተለው። የመርፌ ቀዳዳዎቹ በመስመር ተደርድረዋል፤ አንድም አልተሰነጠቀም። ምላጩ ክሩን አንድ በአንድ ነው የፈታው።

በዓይንህ አትመን ልጄ። ዳስሰው።

እናትህ